ትልቅ ቢላ ስንፈትን፦ መቁረጡ ሌላ፣ መቻሉ ሌላ

ሁለት ትልልቅ ቢላዎች አሉ እንበል። አንዱ ወፍራምና ከባድ፣ ሌላው ሳሳና ቀለል ያለ። አንድ ሰው ሁለቱንም ያነሳና እንጨት ላይ አምስት አምስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ "ይሄኛው ይሻላል፣ ብረቱ አንደኛ ነው" ይላል። ለመሆኑ ምኑን ከምኑ አወዳደረ? ብዙ ጊዜ ያወዳደረው ሁለት ፋብሪካዎች ስለት እንዴት እንደሚስሉ ነው። ስለ ብረቱ ገና ምንም አላወቀም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ብዙ የተወራለት ቢላ ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ እንጨት ላይ ተሸራርፎ መጋዝ መሰለ። ተናደድኩ። "ብረቱ የማይረባ ነው" ብዬ ለሰማም ላልሰማም አወራሁ። በኋላ ሽርፍራፊውን ለማጥፋት ደጋግሜ ስስለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለት ተበላ። ከዚያ በኋላ በዚያው ቢላ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ዓይነት እንጨት ሞከርኩት። አንድም ቦታ አልተሸረፈም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ፋብሪካ ውስጥ በሚሽከረከር ቀበቶ ሲሳል የስለቱ ጫፍ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይግላል። የጋለው ጫፍ ጠባዩ ይበላሻል። ውስጥ ያለው ብረት ግን ደህና ነው። ስለዚህ አዲስ ቢላ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሳል ስለ ብረቱ አትፍረዱ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ሊሠራ የሚችል የፍተሻ ዘዴ ነው። ስለቱ ከ20 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም፣ ለከባድ ሥራ ለተሠራ ቢላ ነው። ለኩክሪም (የኔፓል ጎባጣ ቢላ)፣ ለፓራንግም (የማሌዎች ገጀራ)፣ ለአጭር ገጀራም ይሠራል።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

በተለምዶ "ጠንካራ ቢላ" ስንል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንጠቀልላለን። ሳንለያቸው ብንፈትን ውጤቱን ማንበብ አንችልም።

አንደኛው ጠጣርነት ነው። ሌላ ነገር ሲጫነው አለመሰርጎድ ማለት ነው። የሚለካው ሮክዌል ሲ በሚባል መለኪያ ነው። ሹል አልማዝ በ150 ኪሎ ግራም ኃይል ብረቱ ላይ ይጫንና የገባበት ጥልቀት ይነበባል። ለከባድ ሥራ የሚሆኑ ትልልቅ ቢላዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ።

ሁለተኛው ብርታት ነው። ሸክም ሲመጣበት ጎብጦ አለመቅረት። ይሄ ከጠጣርነት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

ሦስተኛው የእኛ ዋና ጉዳይ ነው። እኔ "ቻይነት" እለዋለሁ። ድንገተኛ ምት ሲመጣ ሳይሰነጠቅና ሳይሸረፍ ምቱን መዋጥ ነው። ብርጭቆን አስቡት። ብርጭቆ ጠጣር ነው፤ ቻይ ግን አይደለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቻይነት የሚለካው በሻርፒ ሙከራ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሻርፒ እ.ኤ.አ. በ1901 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከባድ ፔንዱለም ተለቆ ናሙናውን ሰብሮ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ወደ ላይ የወጣበት ከፍታ ባነሰ ቁጥር ናሙናው ብዙ ጉልበት ውጧል ማለት ነው።

አራተኛው አለመለመጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቢላው ሲጫኑት ቶሎ የሚለመጥ ከሆነ "ብረቱ ለስላሳ ነው" ይባላል። ግን በዚህ በኩል ሁሉም የቢላ ብረት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከውፍረት ነው። ያውም ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢላ ከ4 ሚሊ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር ለመለመጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይፈልጋል። ብረታቸው አንድ ቢሆንም።

ስለ ብረት ዓይነቶች ብዙ አልልም፤ ጥቂቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። 5160 የሚባለው 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው። የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት ነው፤ ምት በመቻል የታወቀ ነው። 1095 ካርቦኑ 0.95 በመቶ አካባቢ ነው። ርካሽና ለመሳል ቀላል ነው፤ ትልልቅ የሥራ ቢላዎች ላይ በብዛት ይገኛል። ሲፒኤም 3ቪ በብረት ዱቄት ዘዴ የሚሠራ ነው፤ ስለቱ ቶሎ አይደነዝም፣ ምትም ይችላል። ዲ2 ደግሞ 1.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ጠጣር ቅንጣቶች ስለቱን ያቆዩታል፤ በምት ጊዜ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው እነሱ ጋ ነው። ይሁን እንጂ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ብረቱ በስንት ዲግሪ እንደጋለ፣ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ ከዚያም መልሶ በስንት ዲግሪ እንደሞቀ ካላወቅን ያው 5160 ሁለት የተለያየ ቢላ ይወጣዋል።

እርምጃ 1፦ ቦታውን ማዘጋጀት

ትልቅ ቢላ ሲስት እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የምትቆርጡትን እንጨት ወፍራም ጉቶ ላይ አድርጉ። ዝቅ ብላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ተንበርከኩ፤ ቢላው ቢስት መሬቱን ይመታል እንጂ ቅልጥማችሁን አያገኝም። ክንዳችሁና ቢላው ተዘርግተው ከሚደርሱበት ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ሰው አይኑር። የዐይን መነጽር አድርጉ። የቢላውን ጀርባ በብረት መዶሻ አትምቱ፤ ጠጣር ብረት ጠጣር ብረትን ሲመታ ፍንጣሪው እንደ ጥይት ነው። መምቻችሁ እንጨት ይሁን።

እጃችሁ ሲዝል አቁሙ። ይሄ ለደህንነት ብቻ አይደለም። በደከመ እጅ የተገኘ ቁጥር ከንቱ ቁጥር ነው።

እርምጃ 2፦ ሳትቆርጡ መለካት

ሚዛን፣ ማስመሪያና ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዙ። የእያንዳንዱን ቢላ ክብደትና የስለቱን ርዝመት መዝግቡ። የጀርባውን ውፍረት ሁለት ቦታ ለኩ፦ እጀታው ጋና ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ከሁሉም በላይ ግን የሚከተሉትን ሦስቱን አትዝለሉ።

የመጀመሪያው ከስለቱ በላይ ያለው ውፍረት ነው። የተሳለው ተዳፋት አልቆ የቢላው ጎን የሚጀምርበትን መስመር ፈልጉ። ካሊፐሩን እዚያ አድርጉ። ትልልቅ የሥራ ቢላዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ። ይቺ ትንሽ ቁጥር ቢላው እንጨት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ከብረቱ ስም የበለጠ ትናገራለች።

ሁለተኛው ሚዛኑ የሚቆምበት ቦታ ነው። ቢላውን በአንድ ጣት ላይ አጋድሙት። ሳይወድቅ የሚቆምበት ነጥብ ከእጀታው ፊት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ወደ ፊት በራቀ ቁጥር ቢላው እንደ መጥረቢያ ይመታል፤ ለረቂቅ ሥራ ግን እጅ ያደክማል። የኔፓሉ ኩክሪ ጎብጦ ወደ ፊት የሚያደላው ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው የመምቻው ነጥብ ነው። እጀታውን በሁለት ጣት ላላ አድርጋችሁ ያዙና ቢላውን አንጠልጥሉት። በእንጨት ዘንግ ጀርባውን ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሄዳችሁ ነካ ነካ አድርጉት። አንዳንድ ቦታ ላይ ጣታችሁን ይነዝራል። አንድ ቦታ ላይ ግን ንዝረቱ ጭር ይላል። እዚያ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ቆረጣው ሁሉ በዚያ ቦታ ይሁን፤ አለበለዚያ አንዱን ቢላ በጥሩ ቦታው፣ ሌላውን በመጥፎ ቦታው ትፈትኑታላችሁ።

ስለ ክብደት አንድ ነገር። ከባድ ቢላ ሁሌ ይበልጣል የሚል እምነት አለ። የምት ጉልበት ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል። ነገሩን አቅልለን እናስላው። 450 ግራም ቢላ በሰከንድ 10 ሜትር ቢሄድ 22.5 ጁል ይዟል። 600 ግራሙ እጃችሁን በ13 በመቶ ብቻ ቢያዘገየው ያው 22.5 ጁል ነው። የጨመራችሁት 150 ግራም ትርፉ ድካም ሆነ ማለት ነው። ከሃያኛው ምት በኋላ ደግሞ የከባዱ ፍጥነት ይበልጥ ይወርዳል።

እርምጃ 3፦ ስለቶቹን እኩል ማድረግ

ይሄን እርምጃ የዘለለ ሰው የቀረውን ባይሠራው ይሻለዋል።

ሁሉንም ቢላዎች በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ ድንጋይ፣ በአንድ ቀን ሳሉ። መነሻ እንዲሆን በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ጥሩ ነው። ማዕዘን መለኪያ ከሌላችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የቢላውን ስፋት በ0.34 አባዙት። ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጀርባው መሐል ከድንጋዩ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይበል ማለት ነው። ለ15 ዲግሪ ማባዣው 0.26 ነው።

ተዳፋቱን በማርከር አጥቁሩት። ሁለት ሦስቴ ድንጋዩ ላይ ሳቡና እዩ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ አንሷል። ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ በዝቷል። ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ልክ ናችሁ። ከዚያ ከወዲያ በኩል ስስ የብረት ከፈፍ በጣት እስኪሰማችሁ ሳሉ፣ ጎኑን ቀይሩ፣ መጨረሻ ላይ ከፈፉን ቆዳ ላይ አሽታችሁ አጥፉት። ከፈፉ ካልጠፋ የመጀመሪያዎቹ አሥር ምቶች ላይ ይታጠፍና "ስለቱ አይቆይም" ትላላችሁ። በብረቱ ላይ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ሲጨርሱ ሁሉም ወረቀትን አየር ላይ ሳይቀዱ መቁረጥ አለባቸው። አንዱ ካልቻለ ተመለሱ።

አንዳንድ ቢላ ከፋብሪካው ጎኑ ሞላ ብሎ፣ ጎበጥ ባለ ቅርጽ ነው የሚመጣው። እሱን ቀጥ አታድርጉት፤ የሥራው አካል ነው። ብርጭቆ ወረቀት ለስላሳ ነገር ላይ አንጥፋችሁ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ሳሉትና ማስታወሻችሁ ላይ "ጎበጥ ያለ" ብላችሁ ጻፉ።

እርምጃ 4፦ የመቁረጥ ሙከራ

ከአንድ ዛፍ የተገኘ፣ ቀጥ ያለ፣ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ያዙ። ቅርንጫፍ የበቀለበት ቋጠሮ አይኑረው። እርጥብ ከሆነ ሁሉም እርጥብ፣ ደረቅ ከሆነ ሁሉም ደረቅ ይሁን። እርጥቡን ከደረቁ መቀላቀል ትልቁ ስህተት ነው፤ አንዱ ዓይነት ቢላ እርጥብ ላይ ይነግሥና ደረቅ ላይ ይዋረዳል።

በየ15 ሴንቲ ሜትሩ መስመር አስምሩ። በሁለት ቢላ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሀ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ ይሁን። ሁሌ "ሀ"ን አስቀድማችሁ ብትመቱ "ለ" ሁሌ የደከመ እጅ ይደርሰዋል። ከመጀመራችሁ በፊት በሌላ እንጨት ላይ ሃያ ምት አሟሙቁ፤ አይቆጠርም። በየመሐሉ ሦስት ደቂቃ ዕረፉ።

አመታቱ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ አጋድሞ ነው፤ መሐሉ ላይ ሸለቆ እየተከፈተ ይሄዳል። እንጨቱ ለሁለት እስኪወድቅ የመታችሁትን ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ቢላ አምስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ አማካይ አትውሰዱ፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሐል ላይ ያለውን ያዙ። ለምሳሌ 14፣ 15፣ 13፣ 22 እና 14 ቢወጣ አማካዩ 15.6 ነው። ያቺ 22 ግን ውስጥ የተደበቀ ቋጠሮ ናት። መሐል ላይ ያለው 14 እውነቱን ይናገራል።

ከምቱ ቁጥር ጎን ለጎን ሌላ ነገር ቁጠሩ፦ ቢላው ስንት ጊዜ ተቀረቀረ? ቀጥ ብሎ የሳሳ ቢላ ጠልቆ ይገባል፤ ግን ይያዛል። ባወዛወዛችሁት ቁጥር ጊዜም ጉልበትም ይሄዳል። ጎኑ ጎበጥ ያለው ጥልቀቱ ትንሽ ቢያንስም ፍልጡን እየገፋ ራሱን ያወጣል። በቁጥር ሲታይ በአንድ ምት የተሻለ ቢላ በተግባር ዘግይቶ ሊጨርስ ይችላል። እኔ ብጠየቅ ሁለት ምት ጨምሬ የማይቀረቀረውን እመርጣለሁ።

ስለ እጀታ ረጅም ነገር የለኝም። ከሙከራው በኋላ መዳፋችሁን እዩ። ቀይ ያረፈበት ቦታ ካለ ጻፉ።

እርምጃ 5፦ ስለቱን ማንበብ

አሁን ቢላውን ጥረጉና ስለቱን ወደ ባትሪ መብራት አዙሩ። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። የሚያበራ ነጥብ ወይም መስመር ካያችሁ እዚያ ላይ አንድ ነገር ሆኗል። ጥጥ ይዛችሁ ከጀርባ ወደ ስለት በቀስታ ሳቡ፤ የተጎዳው ቦታ የጥጡን ክር ይይዛል።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየት የዚህ ሥራ ሁሉ ቁልፍ ነው። ስለቱ ወደ ጎን ከታጠፈ ብረቱ ምቱን ችሏል፣ ግን ብርታት አንሶታል። ወይ ጠጣርነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ወይ ስለቱ ከሚገባው በላይ ስስ ነው። ቆዳ ላይ በማሸት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለቱ ከተሸረፈ ግን ቻይነት አንሶታል። የሄደ ብረት አይመለስም፤ እስከ ሽርፉ ሥር ድረስ መሳል ነው። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሚሸረፍ የሚታጠፍ የሚሻለው።

እርምጃ 6፦ የቻይነት መሰላል

ከቀላል ወደ ከባድ ውጡ። በየደረጃው ቆማችሁ ስለቱን አንብቡ፤ ከተጎዳ እዚያው ጻፉና ውረዱ።

በደረቅ፣ ንጹሕ እንጨት 100 ምት። ቀጥሎ ቋጠሮ ባለው ደረቅ እንጨት 50 ምት። ቋጠሮ ላይ ስለቱ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ወደ ጎን ይገፋል፤ ብዙ ሽርፍ የሚወለደው እዚህ ነው። ሦስተኛው፣ ቢላውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ወደ ጎን በማዘንበል ፍልጡን ፈንቅላችሁ አውጡ፣ አሥር ጊዜ። አራተኛው፣ ጀርባውን በእንጨት እየመታችሁ ጉማጅ ፍለጡ። ይሄኛው ከስለቱ ይልቅ የሚፈትነው እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ትልልቅ ቢላዎች ለሁለት ሲሰበሩ ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት እዚያ አካባቢ ነው፤ በተለይ ውስጡ ስለታም ጥግ ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ። ኃይሉ ሁሉ ጥጉ ላይ ይከማቻል። ዙር ብሎ የተሠራ ጥግ ያከፋፍለዋል።

ምስማር መቁረጥ፣ ድንጋይ መምታት ወዘተ ለእይታ ደስ ይላል። እኔ አልመክረውም። ድንጋይ ላይ እያንዳንዱ ምት የተለየ ነው፤ አንዱን ከሌላው የምታወዳድሩበት መንገድ የለም።

ቢላ በሞርሳ አስሮ ማጠፍስ? የአሜሪካ የቢላ አንጥረኞች ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠው ፈተና ላይ አለ። ተፈታኙ የሠራው ቢላ ታችኛው ጫፉ ሳይታሰር የተንጠለጠለ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ሁለት ጣውላ ቆርጦ ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ የክንድ ጠጉር ይላጫል፣ መጨረሻ ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። ግሩም ፈተና ነው፤ ግን የሚፈትነው አንጥረኛውን ነው። ለዚያ ፈተና የሚሠራ ቢላ ብዙውን ጊዜ ስለቱ ጠጣር፣ ጀርባው ለስላሳ ተደርጎ ነው። ጀርባው ስለለሰለሰ መታጠፉ የስለቱን ቻይነት አይነግረንም።

አየሩ ብርድ ከሆነም ጻፉ። የካርቦን ብረት በጣም ሲቀዘቅዝ ቻይነቱ ይቀንሳል። ውርጭ ያደረበትን ቢላ ከመፈተናችሁ በፊት ትንሽ ይሙቅ።

እርምጃ 7፦ ሁለቱን ውጤቶች ማገናኘት

እስካሁን ቢላዎቹን በአንድ ማዕዘን ነው የፈተናችሁት። ያ ፍትሐዊ መነሻ ነው፤ ግን ቻይ የሆነውን ቢላ ይጎዳዋል። ምክንያቱም የቻይነት ጥቅሙ ስስ ስለት መሸከሙ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም በየጎኑ ወደ 15 ዲግሪ አውርዱ። ይሄ ጊዜ ይፈጃል፤ ሻካራ ድንጋይ ያዙ። ቋጠሮ ባለው ደረቅ እንጨት 50 ምት ምቱ። የተጎዳውን ቢላ እንደገና ሙሉ በሙሉ አትሞርዱት። ሽርፉን አጥፉና ጫፉ ላይ ብቻ በ17 ዲግሪ ጠባብ ተዳፋት ጨምሩበት፣ ጥቂት ስበት ይበቃል። እንደገና 50 ምት። ካልበቃው 19። ካልበቃው 21። ጉዳቱ የቆመበትን ማዕዘን ጻፉ። ከዝቅ ወደ ላይ መውጣት ከላይ ወደ ታች ከመውረድ ይሻላል፤ የምትሞርዱት ብረት በጣም ያንሳል።

ከዚያ እያንዳንዱን ቢላ በራሱ ማዕዘን አድርጋችሁ እርምጃ 4ን ድገሙ። በመጀመሪያው ዙር በ14 ምት የጨረሰው ከባድ ቢላ 21 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። 16 ምት የፈጀበት ቀላሉ ደግሞ 15 ዲግሪ ችሎ 13 ላይ ሊደርስ ይችላል። በማስታወሻችሁ ላይ የቢላውን ስም፣ የቻለውን ማዕዘንና የሁለተኛውን ዙር የምት ቁጥር አንድ መስመር ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትስሉትም ከዚያ ማዕዘን አትውረዱ።